የቅሬታ መስኮቱ ሙሽራ

ሰው ሲቀመጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ከተደረደሩበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው ከቲያትር የማይተናነስ ትርኢት ያያል። አንዱ ወደ ግራ ዘመም ይላል። ሌላዋ እግሯን ታነባብራለች፣ መልሳ ታወርዳለች። አንድ ሽማግሌ በመዳፋቸው ወንበሩን ደገፍ ብለው መቀመጫቸውን ብድግ ያደርጉና መልሰው ያሳርፋሉ። ማንም አስቦበት አያደርገውም። የመቀመጫ አጥንት ሥጋን ከወንበሩ ጋር አጣብቆ ሲጫነው ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ደም ያጣ ሥጋ ይቆጣል፤ ቁጣውም በህብለ ሰረሰር በኩል ሽቅብ ይወጣና አንጎልን "ኧረ ተነሥልኝ!" ይለዋል። አንጎልም ለባለቤቱ እንኳ ሳይነግረው ወገቡን ያዞረዋል። ይህን የመሰለ ድንቅ ሥራ ከልጅነት እስከ እርጅና ያለ አንድ ምስጋና ይሠራል።

መንገዱ የተቋረጠ ዕለት ግን ሥጋው ይጮሃል እንጂ ሰሚ የለውም። ጀርባው ተሰብሮ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው እንደተቀመጠ ይውላል፤ አጥንቱም ሥጋውን እንደተጫነ ይውላል። ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ይከፈታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምናልባት ከጓደኛው ጋር እየሳቀ ነው።

ይህን ነገር ከቤት ቤት እየዞረች የምታስረዳ አንዲት ሴት ነበረች። ሰፈርተኛው ገልብጤ ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ በገባችበት ቤት ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚወጣት ቃል "እስቲ ገልበጥ በልልኝ" ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሁሉ እሷ ፊት ጀርባውን ሳያሳይ ወሬ አይጀምርም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ የጣለውን ተሳፋሪ ሳታስበው "ገልበጥ በል" አለችው እየተባለ ይወራል። እሷ ውሸት ነው ትላለች፤ ስትል ግን ትስቃለች።

መሥሪያ ቤቷ የሚሠራው ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ይባላል። ስሙ ከብዶ ይታያል እንጂ ሐሳቡ ቀላልና የሚያምር ነው። የተጎዳን ሰው ሩቅ ወዳለ ተቋም ወስዶ ከዘመዶቹ ከመነጠል ይልቅ ሙያውን ወደ ቤቱ ማምጣት ነው። ሚስት ቁስል ማጠብ ትማራለች፤ ጎረቤት ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገር ይማራል፤ አናጢው የሚይዙት ብረት በሌለበት ግድግዳ ላይ የእንጨት መደገፊያ ይመታል። ከፍራሽ ስፖንጅ ትራስ ይሠራል፤ ከአሮጌ ጎማ የእጅ ጓንት ይቆረጣል። ገልብጤ ስለዚህ ስታወራ ዓይኗ ያበራል። እጇ ዝም አይልም፤ አጠገቧ ያለውን ትራስ አንሥታ "አየህ፣ አጥንቱ እዚህ ጋ ነው የሚያርፈው" ማለት ትጀምራለች። ቁስል ስታጥብም አፏ ሥራ አይፈታም። ባለቤቱ የማያየውንና የማይሰማውን ነገር በቃሏ ታሳየዋለች፦ "ዛሬ ጠርዙ ሮዝ ሆኗል፣ ትናንት ግራጫ ነበር፤ ይኼ አዲስ ሥጋ ነው፣ እንግዳ ነው፣ እንዳትገፋው።"

ወደዚህ ሥራ ያመጣት የአባቷ ነገር ነው። አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ፤ አንድ ቀን የተፈነቀለ ድንጋይ ወገባቸውን መታቸው። ቤተሰቡ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የያዛቸው። አንሶላቸው ታጥቦ ይቀየራል፣ ትራሳቸው ይስተካከላል፣ ዝንብ እሽ የሚል ሰው ከአጠገባቸው አይጠፋም። እንዳያማቸው ብለው ግን የሚያገላብጣቸው አልነበረም። አባት በጀርባቸው እንደተንጋለሉ፣ በጀርባቸው ቁስል ሞቱ። እሷ ይህን ያወቀችው ካደገች በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ሥልጠና ስትገባ ነው። አሠልጣኟ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተኛ ሰው ሥላ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የወገቡን መጨረሻ በቀይ ጠመኔ ስትከብ፣ ገልብጤ ተነሥታ ወጣች። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

ከያዘቻቸው ሰዎች ሁሉ አንዱ ቀለም ቀቢ ነበር። ፎቅ ሲቀባ መሰላሉ ከድቶት ወድቆ ጀርባው ተሰበረ። ስታገኘው ጓዳ ውስጥ ተኝቶ፣ የጣሪያውን ቀለም ይሳደብ ነበር።

"እትዬ፣ ይኼን የቀባው ማን እንደሆነ ባውቅ እዚሁ አስጠርቼ አስገርፈው ነበር" አላት። "በእርጥብ ግድግዳ ላይ ነው የደረበው። አሁን ቀን ተሌት ሲላላጥ እያየሁ ልሙት?"

"መጀመሪያ ገልበጥ በልልኝ፣ ከዚያ ትሞታለህ።"

ሳቀ። ገለበጠችው። ቁስሉ ገና ጀማሪ ነበር። ሚስቱን አስተማረቻት፣ እሱን አስተማረችው። በወንበር ላይ ሲሆን በየመሃሉ ሁለት እጁን መደገፊያው ላይ ተክሎ መቀመጫውን ብድግ ማድረግ፣ ደም እስኪመለስ መቆየት፣ መልሶ ማሳረፍ። ክንዱ የቀቢ ክንድ ነውና ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ከፍራሽ ስፖንጅ ትራስ ቆረጠችለት፤ አጥንቱ የሚያርፍበትን ቦታ አጎድጉዳ፣ ላዩን አየር በሚያሳልፍ የጥጥ ጨርቅ ለበጠችው። ቁስሉ ተዘጋ። ሰውየው ከጓዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ መንገድ ወጣ። የሰፈሩ ሰው ቀለም ለመምረጥ ሲፈልግ እሱን መጠየቅ ጀመረ።

ያኔ ነው አካል ጉዳተኞችን ስለ መቅጠር አዲሱ መመሪያ የወጣው። ገልብጤ መመሪያውን ከአስተባባሪዋ ጋር ቁጭ ብላ ቃል በቃል አነበበችው፤ አንብባም ስትጨርስ እንደ ልጅ አጨበጨበች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ከሠራተኞቹ መካከል አካል ጉዳተኛ ይኑርህ ተብሏል። የውሃ ቢሮው ደግሞ ለቅሬታ መስኮቱ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ቧንቧ ፈነዳ፣ ውሃ ጠፋ፣ ቆጣሪ ተበላሸ የሚለውን ሰምቶ ለጥገና ክፍል የሚያስተላልፍ፣ ስድብ የሚችል ሰው።

"ስድብማ ከእኔ በላይ ማን ይችላል?" አለ ቀቢው። "ቤት ቀብተህ የጨረስክ ዕለት ባለቤትየዋ ቀለሙ ጠቆረ ስትልህ ካልሰማህ ስድብ አልሰማህም።"

ተቀጠረ። መሥሪያ ቤቱ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ሠራለት፤ ረጅምና ለዘብ ያለ፣ ያለ ሰው እርዳታ የሚወጣ፣ በእውነት የሚመሰገን ሥራ። ሥራ በጀመረበት ዕለት የገልብጤ ድርጅት አዲስ ዊልቸር አበረከተለት። የራሱ መቀመጫ ትራስ ያለው፣ ብረቱ የሚያንጸባርቅ ነበር። የቢሮው ኃላፊ እየገፋው በመወጣጫው ሲያወጣው ፎቶ ተነሡ። ሚስቱ ነጭ ሸሚዙን በካውያ ተኩሳለት ነበር፤ ከሰው መሃል ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። አሮጌው ዊልቸር ከነስፖንጁ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አዲሱ ትራስ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እንደለበሰ ነበር። ገልብጤ አየችው። ቤት ሲደርሱ ያወልቁታል ብላ አሰበች። ይህን ስታስብ ሳሎኗ ውስጥ ያለው የራሷ ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ እንዳልወለቀ ትዝ አላላትም። እኛ አገር አዲስ ዕቃ የሚወደደው በላስቲኩ ነው፤ የሬሞት ላስቲክ፣ የፍሪጅ በር ላስቲክ፣ የወንበር ላስቲክ። ማውለቅ ማስረጀት ነው። እንግዳ ሲመጣ እንኳ ላስቲኩ ተወልውሎ እንግዳው እላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ጨርቁን አይነካም።

የገልብጤ መሥሪያ ቤት ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። ሥራ የያዘ ሰው "ተሐድሶው የተሳካ" ይባልና ክትትሉ ይዘጋል። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም።

"አንቺ አንድ ነሽ፣ ቤቱ ብዙ ነው" አለቻት አስተባባሪዋ። "የቆመውን ሰው ደግፈሽ ብትውዪ የወደቀውን ማን ያነሣዋል? እሱን ተይው፣ እትዬ። ተሳክቶለታል።"

"ተሳክቶለታል" አለች ገልብጤም። ደስ ብሏት ነው ያለችው።

የቅሬታ መስኮቱ ሥራ ለቀቢው በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ሆነለት። ሰው በንዴት ቀልቶ ይመጣል፣ እየሳቀ ይሄዳል። "ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ!" ብላ ለምትጮኸው ሴት "እሜቴ፣ እኔ ቤት የጠፋው ከእርስዎ ቀድሞ ነው፤ ምናልባት ተገናኝተው አብረው ጠፍተው ይሆናል" ይላታል፤ ከዚያ ግን ስልኩን አንሥቶ የጥገና ክፍሉን ሳይጨቀጭቅ አይለቅም። ኃላፊው ለእንግዳ ሲያሳየው "ይኸውላችሁ የእኛ ሰው" ይል ነበር።

ሁለት ነገር ግን ማንም አላሰበባቸውም። አንደኛው ብድግ ማለቱ ነው። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንዲት ባለጉዳይ ችግሯን እየነገረችው ሳለ እጁን ተክሎ መቀመጫውን ከፍ አደረገ። ሴትዮዋ ደነገጠች። "ምን ሆነህ ነው? ልትሄድ ነው እንዴ እያናገርኩህ?" ከኋላዋ ያሉት ሳቁ። አንዱ "ሊመታሽ ነው!" አለ። ቀቢው አብሮ ሳቀ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ሰው ፊት ብድግ ማለት ተወ፤ መስኮቱ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም። ሁለተኛው የመጸዳጃ ቤቱ በር ነው። መመሪያው ስለ ዋናው መግቢያ ይናገራል፣ እሱም በደንብ ተሠርቷል፤ ስለ መጸዳጃ ቤት በር የሚናገረው ገጽ ላይ ግን ከቢሮው ሰዎች የደረሰ ያለ አይመስልም። ዊልቸሩ በበሩ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ቀቢው መላ ዘየደ፤ ጠዋት ሳይጠጣ ይመጣል፣ ቤቱ እስኪመለስ ሳይጠጣ ይውላል። የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ውሃ የጠማው ሆነ። ውሃ ያጣ ሰውነት ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ ደሙም ይወፍራል። ከላይ መጫን፣ ከሥር ላስቲክ፣ ከውስጥ ድርቀት፤ አንዱ ብቻውን ቢሆን ሰውነቱ ይችለው ይሆናል፤ ሦስቱ ሲተባበሩ ግን አልቻለም።

ገልብጤ አንድ ጊዜ ቤቷ ቧንቧ ፈንድቶ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ሸሚዙን፣ የተላጨ ጉንጩን፣ የሚስቅ ጥርሱን አየች። ከወገቡ በላይ ያለውን ማለት ነው።

"አምሮብሃል!" አለችው በመስታወቱ ቀዳዳ።

"ገልበጥ በል እንዳትይኝ ብቻ፣ ሰው ፊት ነው።"

ኋላዋ የቆመው ሰው "ፍጠኚ እንጂ፣ እመቤት" ሲላት እየሳቀች ወጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማችው ከጎረቤቷ ነው። ጎረቤቷ ከውሃ ቢሮ ተመልሳ በር ላይ ቆማ ትስቅ ነበር።

"ሙሽራውን አየሽው እንዴ?"

"የምን ሙሽራ?"

"የቅሬታው መስኮት ልጅ ነዋ! ሙሽራው ነው የሚሉት። ሽቶ አይቀባም፣ በሽቶ ነው የሚታጠበው! ወረፋው ሳይደርስሽ አፍንጫሽ ይደርሳል። ሰዉ 'ዛሬም ሊያገባ ነው' እያለ ይቀልድበታል።"

ገልብጤ መሳቅ ጀመረችና መሃል ላይ ተወችው። ያን ሰው ታውቀዋለች። የሚሸተው ቀለምና ሳሙና ነበር፤ ሽቶ የሴት ነገር ነው ብሎ የሚያሾፍ ሰው ነው። ሻርፗን ለብሳ ወጣች።

ያን ቀን በመስኮቱ በኩል አልቆመችም። ለጥበቃው ሰላምታ ሰጥታ በሠራተኛ በር ገባች። ሽቶው በእውነት ከኮሪደሩ ይጀምራል። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ይህን ሽታ አንዴ ያወቀ ሰው በሺህ ሽቶ ውስጥም ይለየዋል። ቀቢው ቀና ብሎ ሲያያት ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

"እትዬ፣ ዛሬ ሰው ይበዛል።"

"የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል የታለ?"

"ኧረ እባክሽ—"

"ወይ እዚያ፣ ወይ እዚህ ሰዉ ፊት።"

ባረጁ ቆጣሪዎች መካከል፣ የተቆለሉ ካርቶኖች ላይ በደረቱ ተደገፈላት። ሱሪውን ዝቅ አድርጋ፣ በሚስቱ እጅ የታጠፈውን ጨርቅ አነሣች። የግፊት ቁስል አታላይ ነው፤ ከላይ ስታየው አፉ ትንሽ ነው፣ ከሥር ግን ዋሻ ነው፤ ምክንያቱም የሚሞተው ሥጋ መጀመሪያ ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ነውና። ጓንት አድርጋ ጣቷን አስገባች። ጣቷ ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ጠንካራ ነገር ነካ።

አልነገረችውም። ዕድሜዋን ሁሉ ያየችውን በቃል ስታስረዳ የኖረች ሴት ያን ጊዜ ቃል አጣች። ዞር ብላ ዊልቸሩን አየች። ላስቲኩ እንዳለ ነበር፤ ቢጫ ሆኖ፣ ላብ አቁሮ።

"ይኼን ለምን አላወለቃችሁትም?"

"ሚስቴ ናት። አዲስ ነው፣ የቢሮ ነው፣ ይቆሽሻል አለች። ማታ ማታ ትወለውለዋለች።" ድምፁ ዝቅ አለ። "እኔም ሲያብረቀርቅ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ሆነ?"

"ቤት እንሂድ።"

"አልሄድም። ስሚኝ፣ እትዬ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ቋሚ ከሆንኩ የሕመም ፈቃድ አለኝ። ያኔ በሆዴ ተኛ ካልሽኝ ዓመትም ቢሆን እተኛለሁ። አሁን ከወጣሁ ግን ቦታው የሌላ ሰው ነው። ከዚያ ጓዳ ነው የምገባው። ያንን ጣሪያ ነው የማየው።"

"ይኼ እኮ አጥንት ደርሷል፣ ልጄ።"

"ይድረስ። የማይሰማኝን አጥንት ምን አደርገዋለሁ? የሚሰማኝ ይኼኛው ነው" አለና በጣቱ ወደ መስኮቱ ጠቆመ።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነበር የተቋጠረው። ከተኛ ሥራውን ያጣል፤ ከተቀመጠ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል፤ በመካከሉ ያሉት ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ገልብጤ መካከለኛ መንገድ ፈለገች። በማግስቱ ላስቲኩን በመቀስ ቀደደችው፤ የሰውየው ሚስት ቆማ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?" አለች። "እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ነኝ?" ገልብጤ ትከሻዋን ይዛ "ማንም አልሞተም፣ ውሃ አፍዪልኝ" አለቻት። አዲስ ስፖንጅ አጎድጉዳ ቆረጠች። በየጠዋቱ፣ ከራሷ ሥራ በፊት፣ ቁስሉን ለማጠብ ትመጣ ጀመር። ከዚያ ወደ ቢሮው ኃላፊ ሄደች።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሳበላት።

"እንበልና" አለች፣ "አንድ ሠራተኛ በሙከራ ጊዜው ውስጥ ቢታመምና መተኛት ቢኖርበት፣ የሙከራ ጊዜው ተቋርጦ ሲድን መቀጠል ይችላል?"

"ስለ ማን ነው የምናወራው፣ ሲስተር?"

"እንበልና ነው ያልኩት።"

"በሙከራ ላይ ያለ ሰው ከተፈቀደው ቀን በላይ ከቀረ ይሰናበታል። ለሁሉም ነው። ለሹፌሩም፣ ለፀሐፊዋም።"

"ዊልቸር ላይ ላለ ሰውስ?"

ኃላፊው ከልቡ ግራ ተጋባ። "እናንተ አይደላችሁ እንዴ ስብሰባ ላይ 'በእኩል ዓይን ይታዩ' ያላችሁን? እኔ ይኸው በእኩል አየሁ። አሁን ደግሞ ለዩልን ትሉኛላችሁ?"

እኩልነት ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት እንዳልሆነ ልታስረዳው ሞከረች። መጸዳጃ ቤቱንም አነሣች። ማስታወሻ ያዘ፤ "ለቀጣዩ በጀት" አለ። አስተባባሪዋ ጋም ሄደች። አስተባባሪዋ እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማቻትና "ተዘግቷል እኮ፣ እትዬ፤ የተዘጋን ሰው በምን ስም ልክፈተው? አለቆቻችን የተሳካ ብለው ለሁሉም ነግረዋል" አለች። ሁሉም አዝኗል። ሁሉም የያዘው ደንብ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው።

ቀኑ እየቀረበ መጣ። ቀቢው ይከሳል፣ ግን ይቀልዳል። አንድ ጠዋት ቁስሉን ስታጥብ ጀርባው እንደ ምድጃ ያቃጥል ነበር። "ትኩሳት ነው" አለችው። "ሙቀት ነው" አላት። በረፋዱ ሰበብ ፈጥራ ወደ ቢሮው ሄደች። በመስታወቱ ውስጥ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ አንዲት አሮጊት ስለ ቆጣሪያቸው የሚነግሩትን ለመስማት ይታገል ነበር። ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። "ይድገሙልኝ፣ እማማ" ይላል። "ይድገሙልኝ።" አሮጊቷ ዞር ብለው "ይኼ ልጅ ታሟል እኮ፣ ሰው የለም እንዴ እዚህ?" አሉ።

የቁስል መርዝ ወደ ደም ሲገባ ምን እንደሚሆን ገልብጤ ጠንቅቃ ታውቃለች። አንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሊሆን ይችላል። ቋሚ የሚሆንበት ቀን ግን ከዚያ ይርቃል። ልመናውን አስታወሰች፣ ቃል እንዳልገባችለትም አስታወሰች። ከዚያ የኃላፊውን በር ሳታንኳኳ ከፈተች።

"ያ ሰው ታሟል" አለች። "እንበልና አይደለም። አሁኑኑ መኪና ያስፈልገኛል።"

ኃላፊው ሮጦ ወጣ፤ የራሱን መኪና ሰጠ። ወረፋው ተበተነ። ቀቢውን ከመስኮቱ ሲያወጡት፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ ከሽቶው ሥር ያለው ሽታ አብሮ ወጣ። አንዷ አፍንጫዋን ያዘች። እሱ ይህን አየ። መኪናው በር ላይ ሲያደርሱት የገልብጤን ክንድ ጨበጠ፤ ለመደገፍ መሰላት።

"ከመሰላሉ ራሴ ነበርኩ የወደቅኩት" አላት። "አሁን ግን አንቺ ነሽ የጣልሽኝ።"

ሆስፒታሉ አተረፈው። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አወጣ፣ ከአጥንቱም ፋቀ። ለገልብጤ ሲያስረዳት፣ ይህ ቁስል ወራት ይፈልጋል፣ ላይዘጋም ይችላል፣ እስከዚያ በመቀመጫው እንዳይቀመጥ አለ። የስንብት ደብዳቤው ሆስፒታል ሳለ መጣ፤ "ላሳዩት ትጋት እናመሰግናለን" ይላል። ኃላፊው ራሱ ሊጠይቀው ፍራፍሬ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ኮሪደር ላይ ገልብጤን ሲያገኛት "በጣም ጥሩ ልጅ ነበር" አላት፤ በሕይወት ያለን ሰው "ነበር" ማለቱን አላስተዋለም። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሌላ ሰው ብትልኩልን፣ መሥፈርቱ እንዳይጎድልብን" አለ። አስተባባሪዋ አንዲት በክራንች የምትሄድ ልጅ ላከችለት። ቆማ መሄድ ስለምትችል በየትኛውም በር ታልፋለች፤ ስለ በር ያነሣ ሰው አልነበረም። በድርጅቱ ዝርዝር ውስጥ አሁን፣ ቀቢውን ጨምሮ፣ በውሃ ቢሮው ሁለት የተሳካላቸው ሰዎች አሉ።

ቀቢው ቤቱ ተመለሰ። አናጢው ጎማ ያለው ረጅም ጣውላ ሠራለት፤ ፍራሽ ተነጠፈበት፤ በሆዱ ተኝቶ በእጁ እየገፋ ቤቱ ውስጥ መንቀሳቀስ እንዲችል ተብሎ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ደረት የሚያርፍበትም ቦታ አለው። አንድ ቀን እንኳ አልገፋውም። ጣውላው በቆመበት ሚስቱ ታጎርሰዋለች። ከሰፈሩ ቀለም ሊያማክሩት የሚመጡትን ተኝቷል በሏቸው ይላል።

ገልብጤ ቁስሉን ልታጥብ የመጣችበት የመጀመሪያው ቀን ሚስቱ በር ላይ ቆማ "እትዬ፣ እንዳይመጡ ብሏል" አለቻት። አንገቷን ሰብራ ነው የነገረቻት። "እኔ ምን ላድርግ? እርስዎ ካልመጡ ቁስሉን እኔ ብቻዬን—"

"እሱ አይቀበለኝ። አንቺ ትቀበይኛለሽ?"

ሚስቲቱ ከበሩ ዞር አለችላት።

ስለዚህ ትመጣለች። ሥራ ስትወጣ፣ ክትትሉ በተዘጋ ሰው ቤት፣ በራሷ ጊዜ ትመጣለች። እሱ ስትገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በሆዱ ነውና መገልበጥ አያስፈልገውም፤ "ገልበጥ በል" ማለት እንኳ ቀርቶባታል። ፋሻውን ትፈታለች፣ ታጥባለች፣ በጨው ውሃ የራሰ ስስ የቁስል ጨርቅ በዋሻው ውስጥ እየጠቀጠቀች ትሞላለች። ጨርቁ እስከ ታች ካልደረሰ አፉ ቀድሞ ይዘጋና ውስጡ ይበሰብሳል፤ ጠብቆ ከተጠቀጠቀ ደግሞ አዲሱን ሥጋ ያንቀዋል። ልኩን እጅ ነው የሚያውቀው። እሷም እየሠራች ታወራለች፤ ለጀርባው ታወራለች።

"ግራው ጠርዝ ትንሽ ገብቷል። ቀኙ እንዳለ ነው። እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ መግል የለውም። አጥንቱ አሁንም ይታያል፣ አልዋሽህም፤ ግን ነጭ ነው፣ ጥቁር አይደለም፣ ነጭ መሆኑ—"

"እትዬ።"

እጇ ቆመ። ሚስቱ ሳፋውን እንደያዘች ቀና አለች። መኪናው በር ላይ ከተናገራት ቀን ወዲህ ድምፁን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ዝም ብለሽ መሥራት አትችዪም?" አለ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር።

ገልብጤ ከንፈሯን ገጠመች። ጨርቁን አነሣች፣ ጨው ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ጨመቀች። የቀረውን ሁሉ ዝም ብላ ሠራች፤ በማግስቱም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላም።